ምስሉ ሳይሆን መብራቱ ነው ያረጀው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን ለዚህ ዕትም መርጠናል። አጻጻፋቸው ቢለያይም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ዓመታት ያገለገለ የኮምፒውተር ሞኒተር ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ ይጠገናል ወይስ ይጣላል? እኔ በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት «ስክሪኑ ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ሞኒተሮች ውስጥ ስክሪናቸው በእርግጥ የሞተው ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ጉዳዩን ረጋ ብለን ብናየው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ያገለገሉ ሆነው የገዛኋቸው ሁለት ባለ 17 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተሮች አሉኝ። አንደኛው ጠዋት ሲከፈት ቀላ ብሎ ይጀምርና ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይሻለዋል፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ነጩ ገጽ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል። የብርሃን ማስተካከያውን እስከ 100 ድረስ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር የለም። ያየልኝ ባለሙያ ስክሪኑ ስለሞተ ሌላ እንድገዛ ነገረኝ። እውነት አብቅቶላቸዋል? — ወ/ሮ ሰ.፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወ/ሮ ሰ.፣ እርስዎ የገለጹት ምልክት የስክሪን ሞት ምልክት አይደለም። በጠፍጣፋ ሞኒተር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በሁለት የተለያዩ አካላት ይከናወናሉ። ከፊት የምናየው የኤልሲዲ መስታወት ምስሉን ይሠራል እንጂ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን አንዱ ቦታ ላይ ያሳልፋል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይከለክላል። ብርሃኑን የሚሰጠው ባለሙያዎች ባክላይት የምንለው ክፍል ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ባሉት የቆዩ ሞኒተሮች ውስጥ ይህ ክፍል ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠኑ የፍሎረሰንት አምፖሎችን የያዘ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በላይኛው ጠርዝ፣ ሁለቱ ደግሞ በታችኛው ጠርዝ ተደብቀው ይገኛሉ።

እነዚህ አምፖሎች በጣሪያችን ላይ የምናውቀው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ታናናሽ ወንድሞች ናቸውና እርጅናቸውም የዚያው ዓይነት ነው። በውስጣቸው ያለው ጥቂት ሜርኩሪ ከጊዜ ጋር እየተመናመነ ይሄዳል፤ በመስታወቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት ብርሃን የመስጠት አቅሙን ያጣል፤ ጫፎቹም ይጠቁራሉ። ሜርኩሪው ባነሰ ጊዜ አምፖሉ ቀዝቅዞ ሲነሣ ከሜርኩሪው ይልቅ አብሮት የታሸገው ጋዝ ይበራል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ቅላት ይህ ሲሆን፣ አምፖሉ ሲሞቅ ደግሞ እየተሻለው ይመጣል። የሁለተኛው ሞኒተር ብጫነት የዱቄቱ እርጅና ነው፤ ብርሃኑን የሚያሰራጨው ፕላስቲክ በሙቀት ብዛት መልኩ መቀየሩም ይጨመርበታል።

አምራቾች ለእነዚህ አምፖሎች የሚሰጡት ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር አምፖሉ የሚቃጠልበት ሰዓት ሳይሆን ብርሃኑ ከአዲስነቱ ወደ ግማሽ የሚወርድበት ሰዓት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሱቅ በዓመት 3,120 ሰዓት ያህል ያበራል፤ በዚህ ስሌት 30,000 ሰዓት የሚሞላው ከ9 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። የእርስዎ ሞኒተሮች ግን ወደ እጅዎ ከመግባታቸው በፊት በሌላ ቢሮ ምን ያህል እንደበሩ የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ ዐይናችን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚመጣውን ቅናሽ ይለምደዋል፤ ብርሃኑ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ለእኛ የሚታየን ከግማሽ በጣም ያነሰ ቅናሽ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሞኒተሩ ደክሟል ብሎ መናገር በጀመረበት ጊዜ አምፖሉ ረጅም መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በሞኒተሩ ፊት ያለውን የሜኑ ቁልፍ ይጫኑና የሚመጣውን የማስተካከያ ሰሌዳ ከጀርባው ካለው የኮምፒውተር ምስል ጋር ያስተያዩት። ሰሌዳው ራሱ ደብዝዞ ከታየ ችግሩ ሞኒተሩ ውስጥ ነው፤ ሰሌዳው ደምቆ ምስሉ ብቻ ከደበዘዘ ግን ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከኮምፒውተሩ ይመጣል። እዚያው ሜኑ ውስጥ ኃይል የሚቆጥብ ሥርዓት ተከፍቶ እንደሆነ ያጥፉት፤ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ የሚመልሰውን ምርጫም ይሞክሩ። ስክሪኑን በትንሹ ረጥቦ በተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከወራት አቧራ በኋላ የተጠረገ ስክሪን አንዳንዴ የታከመ ያህል ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ መድኃኒቱ አምፖሎቹን መቀየር ነው። ከሌላ መስታወቱ ከተሰበረ ተመሳሳይ ሞኒተር በወጡና ጥቂት ባገለገሉ አምፖሎች መተካት ይቻላል፤ ርዝመታቸውና ውፍረታቸው በሚሊ ሜትር ተለክቶ እኩል መሆን አለበት። ወይም ጥቃቅን መብራቶች በተደረደሩበት የኤልኢዲ ገመድ መለወጥ ይቻላል፤ ስለዚህኛው በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ እመለስበታለሁ። አራቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። አንዱን ብቻ አዲስ ማድረግ ግማሹ የደመቀ፣ ግማሹ የጨለመ ስክሪን ይሰጥዎታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስቀይረው ቀዩን ነው፤ ቢጫው ለጽሕፈት ሥራ ገና ጊዜ አለው፤ ለፎቶግራፍ ሥራ ግን አይመኑት።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። በቀትር ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ሲሄዱ ሞኒተሮቹን ያጥፏቸው። በዚያ ሰዓት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ሙቀት ለእኛ ያልተመቸን ያህል ለእነሱም አይመችም። ስክሪን ሴቨር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለዚህ ሞኒተር ምንም አያደርግም፤ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንም እንኳ አምፖሉ ከኋላ መብራቱን ስለሚቀጥል ዕድሜው ያልቃል። ኮምፒውተሩ ለ10 ደቂቃ ሳይነካ ሲቀር ሞኒተሩን ራሱን እንዲያጠፋ አድርገው ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ በሐረር በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ካሉን ሞኒተሮች አምስቱ ሲከፈቱ ምስሉ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ይታይና ይጨልማል፤ የመክፈቻው መብራት ግን እንደበራ ይቆያል። አንድ ባለሙያ «ካፓሲተር ነው» ብሎ በሦስቱ ላይ ቀየረልን። ሁለቱ ዳኑ፤ ሦስተኛው ከአንድ ወር በኋላ ወደ ቀድሞ ችግሩ ተመለሰ። የቀሩትን እንዲሁ እናስቀይር ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? — አቶ መ.፣ ሐረር

መልስ፦ አቶ መ.፣ በመጀመሪያ ክፍሉን አጨልሙና ሞኒተሩ በጨለመበት ሁኔታ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርገው በሰያፍ ያብሩበት። የኮምፒውተሩ ምስል በደብዛዛ መልክ ከታየዎት መስታወቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጠፋው መብራቱ ብቻ ነው። በእርስዎ ሁኔታ እንደሚታይዎት አልጠራጠርም፤ ሁለት ሴኮንድ በርቶ መጥፋት የመከላከያ ሥርዓት ጠባይ ነውና።

አምፖሎቹን የሚያበራው ኢንቨርተር የሚባለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ከ12 ቮልት አካባቢ ተነሥቶ አምፖሉን ለመለኮስ ከ1,000 ቮልት በላይ፣ ከተለኮሰ በኋላም ከ600 ቮልት በላይ ያመነጫል፤ በእያንዳንዱ አምፖል የሚያልፈውንም ፍሰት ይቆጣጠራል። ከአራቱ አምፖሎች አንዱ ከደከመ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ብየዳ ከተላቀቀ፣ ሰሌዳው ፍሰቱ አለመመጣጠኑን ያይና አራቱንም ያጠፋል። ስለዚህ ተመሳሳይ ምልክት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊመጣ ይችላል። ወይ ኢንቨርተሩ የሚመገበው ኃይል ደክሟል፣ ይህ ኃይሉን እያጠራቀመ የሚያረጋጋው የካፓሲተር ጉዳይ ነው፤ ወይ ደግሞ አንዱ አምፖል አርጅቷል። ባለሙያዎ በሁለቱ ላይ የተሳካለት ጥፋቱ በእርግጥ ካፓሲተር ስለነበረ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን አዲሶቹ ካፓሲተሮች ያረጀውን አምፖል ጥቂት ደግፈውት ቆዩ እንጂ አላዳኑትም ብዬ እገምታለሁ። የተገጠሙት ካፓሲተሮች ራሳቸው ለዚህ ቦታ የማይመጥኑ የነበሩም ሊሆኑ ይችላሉ።

ካፓሲተርን በተመለከተ ልብ ልትሉት የሚገባው ሙቀት ነው። በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ይህ ዓይነቱ ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተሠራ ካፓሲተር፣ በሞኒተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት 65 ዲግሪ ቢሆን በስሌት 32,000 ሰዓት ይሠራል፤ 75 ቢሆን ግን 16,000 ብቻ። ከሐረር ወደ ድሬ ስንወርድ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይጨምራል። ተመሳሳይ ሞኒተር እናንተ ጋ ከእኛ ጋ ካለው ይልቅ ብዙ የሚቆየው ለዚህ ነው። የምትገዟቸው ካፓሲተሮች ላይ 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ 85 የሚለውን አትቀበሉ። አቅሙን የሚያመለክተው የማይክሮፋራድ ቁጥር እንደ ነባሩ ይሁን፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ ዝቅ ያለ ግን በፍጹም አይሁን። ለፓወር ሰሌዳ፣ ማለትም ለሞኒተሩ ኃይል ለሚሰጠው ሰሌዳ የሚሠራው፣ ውስጣዊ ተቃውሞው አነስተኛ የሆነው ዓይነት ይመረጥ። በጎኑ ላይ ያለው መስመር የኔጌቲቩን እግር ያመለክታል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ይፈነዳል። ያበጠ ወይም ያለቀሰ ካፓሲተር በዐይን ይለያል፤ ሳያብጥ የደከመም ስላለ ግን ባለሙያዎ አቅሙን በመሣሪያ ይለካው።

አምፖሉን ለመለየት ደግሞ ደህና መሆኑ የታወቀ አንድ አምፖል በእጅ መያዝ ይበቃል። ባለሙያው ሞኒተሩን አጥፍቶ ከኢንቨርተሩ አንዱን የአምፖል ሶኬት ይነቅልና የሙከራውን አምፖል ይተካበታል፤ ከዚያም ያበራል። ካልቆየ አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ሶኬት ይሄዳል። የትኛው ሶኬት ላይ ሲሰካ ሞኒተሩ ሳይጠፋ ከቆየ የታመመው አምፖል የተነቀለው ነው። በየትኛውም ካልቆየ ትኩረቱን ወደ ኢንቨርተሩ ትራንስፎርመሮች ይመልስ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ትራንስፎርመሮች ካሉ ጥቅሎቻቸው በቴስተር ሲለኩ ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ አንዱ በጣም ከራቀ ጥፋተኛው እሱ ነው። በትራንስፎርመሩ እግሮች ዙሪያ የተሰነጠቀ ብየዳም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ በሊድ እንደገና በመበየድ ብቻ የዳኑ ሞኒተሮች አሉ።

በተለማማጅነት ዘመኔ በአንድ ሞኒተር ላይ ኢንቨርተሩን ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ ደንበኛውን ለሁለት ሰሌዳ አስከፍዬ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የአንድ አምፖል ጫፍ ብየዳ ሆኖ አገኘሁት። የከፈሉትን መለስኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን በሙከራ አምፖል ሳልፈትሽ ሰሌዳ ቀይሬ አላውቅም።

ሁለት ጉዳዮችን በጥብቅ አደራ እላለሁ። አንዳንዶች የመከላከያውን ሥርዓት በሽቦ በማታለል ሞኒተሩ እንዳይጠፋ ያደርጉታል፤ ይህ በልጆች ክፍል ውስጥ ሊደረግ የማይገባ ነው። የላላው ግንኙነት በከፍተኛ ቮልት እየተፈናጠረ ፕላስቲኩን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው፣ በፓወር ሰሌዳው ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ220 ቮልት መብራት ተነሥቶ 310 ቮልት ያህል ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ወዲያው አይለቅም። ተማሪዎች ለልምምድ እንዲከፍቱት አይፍቀዱላቸው። አምፖል ቢሰበር መስኮት ይከፈት፣ ልጆቹ ይውጡ፤ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይሆን በረጠበ ወረቀትና በፕላስተር ተለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸግ፤ በውስጡ ሜርኩሪ አለና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለጥናት እንዲመቸን ከእኅቴ ጋር አንዱን ኮምፒውተር በሁለት ሞኒተር እናየዋለን። ከአንዱ የቪጂኤ መውጫ ወደ ሁለት የሚከፍል ኬብል ከገዛን ጀምሮ ሁለቱም ሞኒተሮች ደበዘዙ። ሁለቱ በአንድ ቀን እንዴት ያረጃሉ? — ሐ.፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥርጣሬሽ ትክክል ነው፤ አላረጁም። ለወ/ሮ ሰ. የነገርኳቸውን የሜኑ ፈተና አድርጊ፤ የሜኑው ሰሌዳ ደምቆ ምስሉ ብቻ ደብዝዞ ታገኚዋለሽ። የቪጂኤ ኬብል የቀለሙን ድምቀት የሚያስተላልፈው በቮልት መጠን ነው፤ ሙሉ ነጭ ለመሆን 0.7 ቮልት ያስፈልገዋል። ይህ መጠን የተሰላው ለአንድ ሞኒተር ነው። ያለ ማጎልበቻ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ወደ 0.47 ቮልት ይወርዳል፤ ሁለቱም እኩል የሚደበዝዙት ለዚህ ነው። የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ማከፋፈያ ግዢ፤ ወይም ኮምፒውተራችሁ ሌላ መውጫ ካለው ሁለተኛውን ሞኒተር በእሱ አገናኙት። ያኛውን ኬብል ሻጩ ከመለሰልሽ መልሺው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ያለው ሞኒተር ያ ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮው ዓይነት ነው። ሲከፈት ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሆኖ ይቆያል፤ ከበራም በኋላ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። ጎረቤቴ ከኋላ ከፍቶ በካቻቢቴ የምትዞር ቁልፍ አለች፣ ብርሃን ትጨምራለች ይለኛል። ልሞክረው? — አቶ ዓ.፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አይክፈቱት። ጎረቤትዎ የሚሉት ቁልፍ በእርግጥ አለ፤ ፍላይባክ በሚባለው ትራንስፎርመር ላይ ሁለት ቁልፎች ሲኖሩ አንዱ የምስሉን ጥራት፣ ሌላው ስክሪን የሚባለውን ቮልት ያስተካክላሉ። ነገር ግን ከዚያው ትራንስፎርመር የሚወጣው ወፍራም ሽቦ በባለቀለም ሞኒተር ላይ 25,000 ቮልት ያህል ይዞ ወደ መስታወቱ ይገባል፤ መስታወቱም ይህን ኃይል ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ጭምር ሊያቆየው ይችላል። ሥራውን ለማያውቅ እጅ ይህ ሞት ያለበት ነው።

ቁልፏም ብትሆን የምታደርገው ጥቁሩን ወደ ግራጫ ማንሣት ነው እንጂ የደከመውን አታበረታም። በዚህ ዓይነቱ ሞኒተር ምስሉ የሚሠራው ከኋላ በሚፈነጥቁ ኤሌክትሮኖች ሲሆን፣ የሚፈነጥቃቸው ጫፍ ሲያረጅ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሞቀም በኋላ አይበረታም። ለእርስዎ የሚሻለው ሞኒተሩን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን መስኮቱ በጎኑ እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሥራ ከመጀመርዎ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መክፈት፣ ፊደሉንም በኮምፒውተሩ ውስጥ ትልቅ ማድረግ ነው። በዚህ እስከሚችል ያገልግልዎት፤ ከዚያ በኋላ ከታደሰ ጠፍጣፋ ሞኒተር ቢተኩት ለዐይንዎም ይሻላል። ሲያስወግዱት ግን ወደ ደቻቱ እንዳይጣልና ልጆች እንዳይሰብሩት አደራ፤ መስታወቱ ውስጡ አየር የሌለው በመሆኑ ሲሰበር ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይረጫል፤ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረትም አለበት። አሮጌ ዕቃ የሚቀበል ጠጋኝ ሙሉውን ቢወስደው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ በሐረር ሸዋበር አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። ያረጁ አምፖሎችን በኤልኢዲ ገመድ መለወጥ ጀምሬያለሁ። ብርሃኑ ይመጣል፤ ነገር ግን ምስሉ ሰማያዊ ይመስላል፣ የብርሃን ማስተካከያው አይታዘዝም፣ በታችኛው ጠርዝም ነጠብጣብ ይታያል። አንዱ ላይ ደግሞ በገመዱ ጫፍ በኩል ጥቂት መብራቶች አልበሩም። ምን እየሳትኩ ነው? — ፈ.፣ ሐረር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም ደብዳቤዎች ያንተው ደስ አሰኝቶኛል፤ እንደ አንተ ሥራውን እስከ መጨረሻው ለማጥራት የሚጨነቅ ጠጋኝ ሲኖር ነው ሞኒተር ከመጣል የሚድነው። ከቀላሉ ልጀምር። ገመዱ በሦስት በሦስት መብራት የተከፋፈለ ነው፤ መቆረጥ ያለበት ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ከምልክቱ ውጭ ከተቆረጠ የዚያ ክፍል መብራቶች ሦስቱም አይበሩም። ያልበሩህ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ርዝመቱ ከምልክቱ ጋር ካልገጠመልህ አሳጥረህ ቁረጠው፤ ጠርዝ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢጎድል ብዙ አይታወቅም።

ማስተካከያው የማይታዘዝህ ገመዱን ከሚያበራው የኤልኢዲ ሰሌዳ የሚወጡትን ሁለቱን የትእዛዝ ሽቦዎች ስላላገናኘሃቸው ወይም ከ12 ቮልቱ ጋር ስላሰርካቸው ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ ኃይልና ግራውንድ ሲሆኑ፣ አንዱ የማብሪያ ትእዛዝ፣ አንዱ ደግሞ የድምቀት ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ትእዛዞች ከሞኒተሩ ዋና ሰሌዳ ወደ ነባሩ ኢንቨርተር ይሄዱ ከነበሩት ሽቦዎች መወሰድ አለባቸው፤ በሶኬቱ አጠገብ በአብዛኛው ተጽፈው ታገኛቸዋለህ። ይህን ካላደረግህ ኮምፒውተሩ ሲተኛ እንኳ መብራቱ አይጠፋም፤ ደንበኛህም በስድስት ወር ተመልሶ ይመጣል። አገናኝተህ ማስተካከያው ወደ ተቃራኒው የሚሠራ ከሆነ፣ ማለትም ሲቀነስ የሚደምቅ ከሆነ፣ የሁለቱ ሰሌዳዎች የትእዛዝ አቅጣጫ ተገላቢጦሽ ነው፤ ለዚያ ሞኒተር ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ፈልግ። ነባሩ ኢንቨርተር ከፓወር ሰሌዳው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ኢንቨርተሩ ክፍል የሚሄደውን ፊውዝ አንሣው፤ አምፖል ሳይኖረው ከፍተኛ ቮልት እያመነጨ እንዲቆይ አትተወው።

ሰማያዊነቱ ከገመዱ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በጣም ቀዝቃዛ ነጭ የሚባለው ነው። ስትገዛ የነጩ መልክ መለኪያ 6,500 ኬልቪን አካባቢ የሆነውን ጠይቅ፤ የተገጠመውን ደግሞ በሜኑ ውስጥ ሰማያዊውን በመቀነስ ልታለዝበው ትችላለህ፤ ግን ከብርሃኑ ጥቂት ትከፍላለህ። ነጠብጣቡን በተመለከተ፣ መብራቶቹ ብርሃን ወደሚያሰራጨው ወፍራም ፕላስቲክ ጠርዝ ቀጥ ብለው ካልተመለከቱና ገመዱ ከጠመመ ብርሃኑ ሳይቀላቀል ያመልጣል። የነባሩን አምፖል የብረት ቦይ አጽዳ፣ ገመዱን በእሱ ውስጥ በሙቀት አስተላላፊ ማጣበቂያ አጣብቀው፤ ቦዩ ገመዱን ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል፣ ያቀዘቅዝልሃልም። ኤልኢዲም በሙቀት ያረጃል፤ ስለዚህ ለደንበኛ ስታስረክብ ድምቀቱን እስከ ጥግ ሳይሆን 70 ወይም 80 ላይ አድርገህ ስጠው። ሞኒተሩ ወደ ድሬ የሚወርድ ከሆነ ይህን አጥብቀህ ንገራቸው።

ቀጫጭኖቹን ወረቀት መሰል ፕላስቲኮች ስታነሣ ቅደም ተከተላቸውን በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ የትኛው ገጽ ወደ ላይ እንደነበረም ምልክት አድርግ። የተገለበጠ አንድ ገጽ ብርሃኑን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ጥፋቱን ከኤልኢዲው ላይ ስትፈልግ ትውላለህ። ጠርዛቸውን ብቻ ያዝ፤ የጣት አሻራ ከኋላ ብርሃን ሲበራበት ጎልቶ ይታያል። ነፋስ ሲነሣ ይህን ሥራ አትጀምረው፤ ምሽት ላይ፣ ወለሉ በውኃ ከተረጨ በኋላ ሥራው።

መስታወቱን ከፍሬሙ ስታላቅቅ ደግሞ በጠርዙ በኩል ወደ ሰሌዳው የሚወርዱትን ቀጫጭን ሪባኖች እንዳትስባቸው። መስታወቱንና ሰሌዳውን አንድ ላይ ይዘህ አንሣ፣ አንድ ላይም አስቀምጥ። ከእነሱ አንዱ ከመስታወቱ ከተላቀቀ በስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ቀጥ ያለ መስመር ወይም ባዶ ክፍል ይመጣል፤ በተራ ጥገና ቤት መልሶ የሚያያይዘው መሣሪያም የለንም። ያኔ ነው ለደንበኛህ «ስክሪኑ ሞቷል» ብለህ በእውነት ልትነግረው የምትችለው።